አዲስ ዶሜይን መግዛቱን ተዉት፦ ከጅማ የሚላክ ኢሜይል ስፓም ውስጥ ሲገባ

ጥያቄ፦ «ጅማ ውስጥ ቡና ወደ ውጭ የምንልክ አነስተኛ ድርጅት ነን። ኢሜይላችን በራሳችን ዶሜይን ነው። ሆስቲንጉን ከዌብሳይቱ ጋር አብረን ነው የገዛነው። ካለፈው የምርት ዘመን ወዲህ የምንልከው የዋጋ ማቅረቢያ ስፓም ውስጥ እየገባ አስቸግሮናል። ጀርመን ያለ የቆየ ደንበኛችን እንኳ አልደረሰኝም ብሎ በዋትስአፕ ደወለልን። አዳዲስ ገዢ ለማግኘት ደግሞ ከገዛነው የአድራሻ ዝርዝር በወር አንዴ ለ600 ሰው ያህል በአንድ ጊዜ እንልካለን። አንዳንዱ ‹የኢትዮጵያ አይፒ ታግዶ ነው› ይለናል። ሌላው ‹ኦፈር፣ ፕራይስ፣ ፍሪ የሚሉትን ቃላት አውጡ› ይለናል። አዲስ ዶሜይን ገዝተን ከዜሮ ልንጀምር አስበናል። ለአገር ውስጥ አቅራቢዎች በአማርኛ የምንጽፈውስ ችግር ያመጣል?»

መልስ፦ አዲስ ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻችሁ ከ@ በኋላ የሚመጣውን ስም) አትግዙ። ጂሜይልም ሆነ አውትሉክ ትናንት የተመዘገበን ዶሜይን በጥርጣሬ ነው የሚያየው። አጭበርባሪዎች ስም እየገዙ፣ ሲበላሽባቸው እየጣሉ ሌላ ስለሚገዙ ነው። እናንተም የአሁኑን አሠራር ይዛችሁ ወደ አዲሱ ብትገቡ ብዙ ሳይቆይ እሱም ይበላሻል። ያኔ የተበላሸ ስማችሁ ሁለት ይሆናል። የሚያውቋችሁ ገዢዎችም ከማያውቁት አድራሻ የዋጋ ማቅረቢያ ሲመጣላቸው ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም።

የቃላቱ ምክር ያረጀ ነው። ከ20 ዓመት በፊት የነበሩ ማጣሪያዎች ለአንዳንድ ቃላት ነጥብ እየሰጡ ይደምሩ ነበር። ድምሩ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ መልእክቱ ስፓም ይባላል። አሁንም ቃል ጨርሶ አይታይም ማለት አይደለም፤ ሚዛኑ ግን ትንሽ ነው። ደግሞስ ቡና የሚሸጥ ሰው «ዋጋ» ሳይል የዋጋ ማቅረቢያ እንዴት ይጽፋል? ዛሬ ማጣሪያው በዋናነት የሚጠይቀው ሌላ ነው። ላኪው ማነው? በእርግጥ ራሱ ነው ወይስ ስሙን የወሰደ ሌላ? ከዚህ በፊት የላከላቸው ሰዎች መልእክቱን ምን አደረጉት? ከፈቱት፣ መለሱለት ወይስ «ስፓም» የሚለውን ተጫኑ?

አይፒ ማለት ኢንተርኔት ላይ ያለ መሣሪያ የሚታወቅበት የቁጥር አድራሻ ነው። «የኢትዮጵያ አይፒ ታግዷል» የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ስላለው ነው ቶሎ የማይጠፋው። ቢሯችሁ ቁጭ ብላችሁ በአውትሉክ ስትጽፉ መልእክቱ በቀጥታ ጀርመን አይሄድም። መጀመሪያ በስምና በፓስዎርድ፣ አብዛኛውን ጊዜ በፖርት 587 ወይም 465፣ ዌብሳይታችሁንና ኢሜይላችሁን ወደሚያስተናግደው ድርጅት (ወደ ሆስቲንጋችሁ) ሰርቨር ይገባል። ለተቀባዩ የሚያስረክበው ያ ሰርቨር ነው፤ በዋናነት የሚመዘነውም የእሱ አይፒ ነው። ስፓምሃውስ የሚባለው፣ ስፓምን የሚከታተል ድርጅት ከሚያወጣቸው ዝርዝሮች አንዱ የቤትና የቢሮ ኢንተርኔት አድራሻዎችን ይይዛል። ትርጉሙ «ከዚህ አድራሻ በቀጥታ ለሌላ ሰርቨር ኢሜይል መላክ የለበትም» ነው። ቅጣት አይደለም፤ በርሊን ያለ የመኖሪያ ቤት ኢንተርኔትም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሰዎች የቢሯቸውን አይፒ ይፈትሹና ዝርዝሩ ላይ ሲያገኙት አገሩ ሁሉ የታገደ ይመስላቸዋል።

ስለዚህ አንዱ መጥቶ «ፈረንጅ አራዳ ያለው ቢሯችሁ ውስጥ የራሳችሁን ሰርቨር ልትከልላችሁ» ቢል አትስሙት። ቋሚ አይፒ ያስፈልጋል። አይፒው ሲጠየቅ የሰርቨሩን ስም እንዲመልስም መመዝገብ አለበት። ይህን ደግሞ እናንተ አታደርጉትም፤ የአይፒው ባለቤት፣ ማለትም ኢንተርኔቱን የሸጠላችሁ ድርጅት ነው የሚያደርገው። ያለዚያ ጂሜይል አይቀበላችሁም። የመብራቱን ነገር ለእናንተ አልነግራችሁም።

እውነተኛው የአይፒ ችግር ሌላ ቦታ ነው ያለው። ርካሽ ሆስቲንግ ላይ አንድ አይፒ ለብዙ ዌብሳይቶች ይከፋፈላል። ከመካከላቸው የአንዱ ዎርድፕሬስ (ዌብሳይት የሚሠራበት ፕሮግራም) ተሰብሮ ስፓም መላክ ከጀመረ የአይፒው ስም ይጠፋል። እናንተም ባላጠፋችሁት አብራችሁ ትቀጣላችሁ። የሰርቨሩን አይፒ ስፓምሃውስ ገጽ ላይ ገብታችሁ በነፃ መፈተሽ ትችላላችሁ። ከተገኘ ግን ማስሰረዝ የሚችለው ሆስቲንጉ ነው። አንዳንዶቹ ቶሎ ያስተካክላሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ትኬት ከፍታችሁ ሳምንት ያስጠብቋችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኢሜይል የሚጓዝበት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ላኪው ማንነቱን እንዲያስመሰክር የሚጠይቅ ነገር አልነበረውም። ማንም ሰው የእናንተን አድራሻ «ላኪ» በሚለው ቦታ ጽፎ መላክ ይችላል። ይህን ለመዝጋት በኋላ ሦስት ነገሮች ተጨመሩ፦ ኤስፒኤፍ (SPF)፣ ዲኪም (DKIM) እና ዲማርክ (DMARC)። ሦስቱም የሚቀመጡት በዶሜይናችሁ ዲኤንኤስ መዝገብ ውስጥ ነው፤ ይህ ሌሎች ሰርቨሮች ስለ ዶሜይናችሁ የሚያነቡት መዝገብ ነው። ቡና የጫነ መኪና ያለ መሸኛ ኬላ እንደማያልፍ ታውቃላችሁ። እነዚህም የኢሜይል መሸኛ ናቸው። ቡናው ጥሩ ስለሆነ ብቻ ኬላ ላይ የሚያሳልፋችሁ የለም።

ኤስፒኤፍ «በእኔ ስም መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች እነዚህ ናቸው» የሚል ዝርዝር ነው። ዲኪም በእያንዳንዱ መልእክት ላይ የሚደረግ ዲጂታል ፊርማ ነው። ተቀባዩ ቁልፉን ከዲኤንኤሳችሁ አውጥቶ ፊርማው ትክክል መሆኑንና የተፈረመበት ይዘት መንገድ ላይ አለመነካቱን ያረጋግጣል። ዲማርክ ደግሞ ሁለቱን «ላኪ» ተብሎ ከሚታየው ስም ጋር ያገናኛል። አንዳቸውም ካልገጠሙ ምን ይደረግ የሚለውንም እናንተው ትወስናላችሁ፦ ዝም ብሎ ይለፍ፣ ስፓም ውስጥ ይግባ ወይም ጨርሶ ይመለስ። በስማችሁ ከየትኛው ሰርቨር ስንት መልእክት እንደተላከ ሪፖርትም ያመጣላችኋል።

ብዙ ሰው «አስገብተናል» ይላል፤ ሲፈተሽ ግን አይሠራም። በብዛት የሚገጥሙት ስህተቶች የሚከተሉት ናቸው። ኤስፒኤፍ በአንድ ዶሜይን አንድ መስመር ብቻ ነው መሆን ያለበት። አዲስ አገልግሎት ሲጨመር ሁለተኛ መስመር ተጽፎ ከሆነ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ። አንዱ ውስጥ መጠቅለል ነበረበት። ደግሞ ኤስፒኤፍ ሲነበብ ከ10 በላይ የዲኤንኤስ ጥያቄ ካስፈለገው ይከሽፋል፤ ሁሉንም አገልግሎት እየደረደሩ መጨመር ጉዳት አለው። ሦስተኛው ስህተት ለማግኘት ያስቸግራል። ዲኪም ሲፓነል በሚባለው የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ በርቷል፣ አረንጓዴ ምልክትም ያሳያል፤ ዲኤንኤሱ ግን የሚተዳደረው ዶሜይኑ በተገዛበት ሌላ ድርጅት ነው። ቁልፉ እዚያ አልተለጠፈም። ሰርቨሩ ይፈርማል፤ ፊርማውን የሚያረጋግጥ ግን የለም።

ኤስፒኤፍ ብቻውን የማይበቃበት ምክንያትም አለ። ተቀባዩ የድርጅቱን ኢሜይል ወደ ግል ጂሜይሉ ፎርዋርድ የሚያደርግ ከሆነ፣ ለጂሜይል ያስረከበው የእናንተ ሰርቨር ሳይሆን የእሱ ድርጅት ሰርቨር ይሆናል። ስለዚህ ኤስፒኤፍ ይወድቃል። ዲኪም ግን መልእክቱ እስካልተቀየረ ድረስ ከነፊርማው ይደርሳል። የጀርመኑ ደንበኛችሁ እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ ችግሩ ይኸው ሊሆን ይችላል፤ ጠይቁት።

ይህ ነገር «ቢኖር ጥሩ ነው» ከሚባልበት ደረጃ አልፏል። ከእ.ኤ.አ. የካቲት 2024 ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ ማንኛውም ላኪ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም እንዲኖረው ይጠይቃሉ። በቀን ከ5,000 በላይ ወደ ጂሜይል የሚልክ ደግሞ ሦስቱንም፣ በተጨማሪም በአንድ ጠቅታ ከዝርዝር መውጫ ሊኖረው ግድ ነው። ማይክሮሶፍትም ለአውትሉክና ለሆትሜይል አድራሻዎች ተመሳሳይ ደንብ በእ.ኤ.አ. ግንቦት 2025 ጀምሯል። እናንተ 5,000 አትልኩም። ቢሆንም ሦስቱንም አስገቡ። ሙያው ያለው ሰው ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅበትም፤ መዝገቡ ውስጥ ለመጻፍም የሚከፈል ነገር የለም።

መፈተሹ ቀላል ነው። ከድርጅቱ አድራሻ ወደ ራሳችሁ ጂሜይል አንድ መልእክት ላኩ። በኮምፒውተር ክፈቱትና ሦስቱን ነጥቦች ተጭናችሁ ኦሪጅናሉን የሚያሳየውን ምረጡ። ከላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ ተብሎ በየፊናቸው «ፓስ» ወይም «ፌይል» ይላሉ። ሦስቱም «ፓስ» እስኪሉ ድረስ ሌላ ነገር መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

ከዚህ በኋላ የምለው ላይጥማችሁ ይችላል። የገዛችሁትን የአድራሻ ዝርዝር ጣሉት። «አጥሩት»፣ «ለመቶ ለመቶው እየከፈላችሁ ላኩ» አልልም። ጣሉት። የቆየው ደንበኛችሁ መልእክት የጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ዝርዝር መሆኑን ብዙም አልጠራጠርም። ለማያውቋችሁ ሰዎች የላካችሁት የጅምላ መልእክትና ለእሱ የጻፋችሁት ደብዳቤ የወጡት ከአንድ ዶሜይን ነው። ጂሜይል ስማችሁን በዚያ ነው የሚያውቀው።

ቁጥሩን እዩት። ጂሜይል የሚያስቀምጠው ጣሪያ 0.3 በመቶ የስፓም አቤቱታ ነው፤ ከ0.1 በመቶ በታች ሁኑ ብሎም ይመክራል። ከ600 ሰው ሁለቱ ብቻ «ስፓም» ቢጫኑ 0.33 በመቶ ገባችሁ። ስማችሁን ሰምተው ከማያውቁ 600 ሰዎች መካከል ሁለት ብቻ ቢጫኑባችሁ ደግሞ እድለኞች ናችሁ። በዚያ ላይ የሚሸጡ ዝርዝሮች ውስጥ ወጥመድ አድራሻዎች ይኖራሉ። ባለቤት የላቸውም፤ ብዙዎቹ ለማንም ተሰጥተው አያውቁም። እዚያ መልእክት የላከ ሁሉ አድራሻውን ያለ ፈቃድ ያገኘ ነው ተብሎ ይመዘገባል። አንድ ወጥመድ ብትረግጡ ማንም ሳይነግራችሁ ጥቁር መዝገብ ላይ ልትወጡ ትችላላችሁ።

የሕግም ጉዳይ አለበት። የጀርመን የንግድ ውድድር ሕግ አንቀጽ 7 ያለ ቅድመ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል መላክን ይከለክላል፤ ተቀባዩ ነጋዴ ቢሆንም። አሜሪካ ላይ ይላላል፦ እ.ኤ.አ. የ2003ቱ ሕግ ያልጠየቀ ሰው ዘንድ መላክን ባይከለክልም ትክክለኛ የፖስታ አድራሻና ከዝርዝር መውጫ መንገድ እንዲኖር ያስገድዳል። ለጀርመን የምትሸጡ ከሆነ ግን ጠበቅ ያለውን ተከተሉ።

«ታዲያ አዲስ ገዢ ከየት እናምጣ?» ትሉ ይሆናል። በኤግዚቢሽን ካርድ የሰጣችሁን፣ ናሙና የጠየቃችሁን፣ በዌብሳይታችሁ የጻፈላችሁን ሰው ዝርዝር ያዙ። ለማታውቁት ገዢ መጻፍ ካለባችሁ ለአንድ ሰው አንድ ደብዳቤ ጻፉ፦ ምን ዓይነት ቡና እንደሚገዛ አይታችሁ፣ ስለ አንድ የተወሰነ ጭነት። በቀን አምስት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከ600 የጅምላ መልእክት ይበልጣል። ለማጣሪያው ስል ብቻም አይደለም፤ ቡና ቆይዎች የጅምላ መልእክት ሲያዩ እንደሚሰርዙት እናንተም ታውቃላችሁ።

የመልእክቱ ይዘት ላይ ብዙ አልቆይም። ዋጋውን፣ ደረጃውን፣ የምርት ዘመኑንና መጠኑን በጽሑፍ መልእክቱ ውስጥ አስቀምጡት። «ጅማ 5» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ለዚህ ስምንት ሜጋባይት ፒዲኤፍ አያስፈልግም። በፓስዎርድ የተቆለፈ ዚፕ አትላኩ። ማጣሪያው ውስጡን ማየት ስለማይችል ይጠረጥረዋል። ያጠረ ሊንክም አትጠቀሙ። አንድ የእኛ አገር ልማድ ግን ልብ በሉ። ደብዳቤ በፊርማና በማህተም ይዘጋጃል፣ ይቃኛል፣ ከዚያ ባዶ መልእክት ላይ በምስል ተያይዞ ይላካል። ጽሑፍ የሌለው፣ ምስል ብቻ የያዘ መልእክት ለማጣሪያ ጥሩ ምልክት አይደለም። ስፓመሮች ጽሑፋቸውን ከማጣሪያ ለመደበቅ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነበር፤ ዛሬም ይጠቀሙበታል። ማህተሙ ይኑር፤ ግን ፍሬ ነገሩን በሁለት ሦስት መስመር ከላይ ጻፉት።

አማርኛው ራሱ ችግር አያመጣም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አለ። ዛሬ ያሉ የኢሜይል ፕሮግራሞች በትክክል ይልኩታል። የሚያስቸግረው በዩኒኮድ ያልሆነ አሮጌ የአማርኛ ሶፍትዌር ተጽፎ የሚለጠፍ ነው። ተቀባዩ ዘንድ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይደርሳል፤ ማጣሪያውም እንደዚያው ያየዋል። አድራሻው ግን በላቲን ፊደል ይቆይ። በግዕዝ የተጻፈ አድራሻ የማይቀበሉ ሰርቨሮች ብዙ ናቸው።

ውሳኔዬን ልንገራችሁ። ዌብሳይቱ ያለበት ይቆይ፤ ኢሜይሉን ግን ከሆስቲንጉ አውጥታችሁ ሥራው ኢሜይል ብቻ ወደሆነ አገልግሎት አዛውሩት። ጉግል፣ ማይክሮሶፍት ወይም ዞሆ ይሆናል። ዶሜይናችሁ አይቀየርም፤ አድራሻችሁም አይቀየርም። በውጭ ምንዛሪ መክፈል ራስ ምታት መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ለሁሉም ሠራተኛ አትግዙ፤ ከገዢ ጋር ለሚጻጻፉት ብቻ ይበቃል። ገንዘቡ ጨርሶ ካልተገኘ ባላችሁበት ሆናችሁ ሦስቱን መሸኛዎች አስተካክሉ። ያም ብዙ ይለውጣል፤ የጎረቤት አይፒ ጣጣ ግን አብሯችሁ ይኖራል።

ለፈቀዱላችሁ ሰዎች ወርሃዊ የዋጋ መግለጫ የምትልኩ ከሆነ በንዑስ ዶሜይን (ከዋናው ስም ፊት ሌላ ቃል ተጨምሮ በሚገኝ ስም)፣ በመልእክት መላኪያ አገልግሎት በኩል ይሁን። በቢሲሲ (ተቀባዮቹ እርስ በርስ በማይተያዩበት መስመር) ከአውትሉክ አትላኩ። እንዲህ ሲሆን መግለጫው አቤቱታ ቢያስነሳ እንኳ የዋናውን ደብዳቤ ስም እምብዛም አይነካውም። ከዝርዝር መውጫውን አትደብቁት። መውጫ ያጣ ሰው «ስፓም» የሚለውን ነው የሚጫነው።

ዲማርክን በጥንቃቄ አጥብቁት። መጀመሪያ ሪፖርት ብቻ በሚቀበለው ደረጃ ጀምሩ። ለጥቂት ሳምንታት ሪፖርቱን እዩ። ደረሰኝ የሚልክ የሒሳብ ሶፍትዌር ወይም የዌብሳይቱ ፎርም በሌላ ሰርቨር እየላከ ሊሆን ይችላል። ያንን ሳታስተካክሉ በመጀመሪያው ቀን «ይመለስ» ካላችሁ የራሳችሁን ደረሰኝ ራሳችሁ ታግዳላችሁ። ሁሉም ሲገጥም ወደ «ስፓም ይግባ»፣ ቀጥሎ ወደ «ይመለስ» ሂዱ።

በዚያው የአካውንቶቹን ደኅንነት ፈትሹ። ያልላካችሁት መልእክት «አልደረሰም» እየተባለ የሚመለስላችሁ ከሆነ፣ ወይ ሌላ ሰው ስማችሁን እየተጠቀመ ነው ወይ አካውንታችሁ ተሰብሯል። የሰርቨሩ የመላኪያ መዝገብ ይለይላችኋል። ቢሮው ሁሉ በአንድ ፓስዎርድ የሚገባበት «ኢንፎ» የሚባል አካውንት ካለ ዛሬውኑ ለዩት። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ አካውንትና በስልክ የሚረጋገጥ ሁለተኛ ቁልፍ ይኑረው።

ውጤቱ በአንድ ሌሊት አይመጣም። የዲኤንኤስ ለውጥ በሰዓታት ውስጥ ይሠራል፤ የጠፋ ስም ግን ለመመለስ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይፈልጋል። እስከዚያ የቆዩ ደንበኞቻችሁን በዋትስአፕ ጠይቋቸው፦ መልእክታችሁን ከስፓም አውጥተው «ስፓም አይደለም» ይበሉ፣ አድራሻችሁን ይመዝግቡ፣ አንድ መስመርም ይመልሱላችሁ። መልስ መስጠታቸው ጥሩ ምልክት ነው። ስፓም ውስጥም ከሌለ የድርጅታቸው አይቲ ክፍል ለይቶ ይዞት ሊሆን ይችላል። ያንን ደንበኛው ራሱ ላያየው ስለሚችል አይቲውን ይጠይቅ።

ኢንቦክስ መግባቱን ዋስትና እሰጣለሁ የሚላችሁን አትመኑ። ሰርቨራችሁ «ደርሷል» ሲል ተቀባዩ ሰርቨር ተረክቧል ማለቱ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የት እንዳስቀመጠው አይነግራችሁም። መልእክቱ ሲመለስ ግን ኮዱን አንብቡ። በ4 የሚጀምር ከሆነ ለጊዜው ነው፤ ሰርቨሩ ራሱ ደጋግሞ ይሞክራል፣ እናንተ ደጋግማችሁ አትላኩ። በ5 የሚጀምር ከሆነ አልቋል። ወይ አድራሻው የለም፣ ወይ እናንተን አልተቀበለም፤ አጠገቡ ያለው ጽሑፍ ምክንያቱን ይናገራል።

አንድ ነገር ዲማርክም አያስቆመውም። አጭበርባሪ ከእናንተ ስም አንድ ፊደል የተለየ ዶሜይን ገዝቶ፣ መሸኛውን ሁሉ አሟልቶ ለገዢያችሁ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ቡና ላኪዎችን የመሰለ፣ በአንድ ክፍያ ብዙ ዶላር የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ ለዚህ ጥሩ ኢላማ ነው። የሒሳብ ለውጥ በኢሜይል ብቻ እንደማይጸና፣ በሚታወቅ ስልክ ተደውሎ እንደሚረጋገጥ ቀጣዩ ውል ላይ ጻፉት።